አንድ ስም፣ ሦስት ሕመም፦ የአሮጌ መኪና "ኮንታክት" እንዴት ይፈለጋል?

ጠዋት ጋራዥ ደጃፍ ላይ ሦስት ባለመኪኖች ቆመዋል እንበል። አንዱ፣ "ፍሬን በረገጥኩ ቁጥር ፊውዝ ይበላል" ይላል። ሁለተኛው፣ "ማታ ደህና ነበረች፤ ጠዋት ቁልፍ ባዞር ባትሪው ሞቷል" ብሎ ያማርራል። ሦስተኛው ደግሞ፣ "ፍሬቻ ሳበራ የኋላ መብራቴ አብሮ ይጠቅሳል" ይላል። ችግራቸው ለየቅል ቢሆንም ሦስቱም ለኤሌክትሪሺያኑ የሚነግሩት አንድ ነው፦ "ኮንታክት አለባት።"

ከሦስቱ እውነተኛ ኮንታክት ያለበት የመጀመሪያው ብቻ ነው። የሁለተኛው መኪና ኤሌክትሪኩ በዝግታ የሚንጠባጠብበት ነው። የሦስተኛው ደግሞ ጭራሽ በተቃራኒው መንገድ ተዘግቶበት የሚንከራተት ነው። ስሙ አንድ ስለሆነ መድኃኒቱም አንድ ይመስላል፤ ብዙ አሮጌ መኪና ዳሽቦርዱ ተፈታትቶ፣ ሽቦው ተዘርግፎ፣ ጥፋቱ ሳይገኝ ሳምንት የሚቆመው በዚህ ምክንያት ነው። ይህ ዳሰሳ ሦስቱን ሕመሞች ለይቶ የፍለጋ መንገዶቹን ያነጻጽራል። የሚሟገትለት ሐሳብ አንድ ነው፤ ኮንታክት የሚገኘው በብልጠትም በዕድልም አይደለም፤ መስመሩን በመክፈልና ከዚህ በፊት የማን እጅ የት እንደገባ በመጠየቅ ነው።

ኤሌክትሪኩ አቋራጭ ሲያገኝ

መኪና ላይ ከባትሪው ፖዘቲቭ የሚወጣው ኤሌክትሪክ በሽቦ ይሄዳል፤ የሚመለሰው ግን በአብዛኛው በቦዲው ነው። ይህን መመለሻ ጋራዥ ውስጥ "ማሳ" ይሉታል፤ እንደ ፍሬቻ፣ ሞተሪኖ፣ ካቻቢቴና ፒንሳ ሁሉ ከጣሊያንኛ የቀረ ቃል ነው። እንግዲህ ልብሱ የተገፈፈ ሽቦ የትኛውንም የቦዲ ብረት ቢነካ ኤሌክትሪኩ አምፖሉ ጋ መድረስ ሳያስፈልገው ወደ ባትሪው ይመለሳል። ኮንታክት ማለት ይኸው ነው።

ጉዳቱን በቁጥር ማየት ይቻላል። 1.5 ካሬ ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው የመዳብ ሽቦ በአራት ሜትር ርዝመት የሚኖረው ተቃውሞ 0.05 ኦም እንኳ አይሞላም። የባትሪውንና የመገናኛዎቹን ጨምረን 0.06 ኦም ብንል፣ 12 ቮልት ለ0.06 ሲካፈል 200 አምፒር ይመጣል። ያ ሽቦ በደህናው ቀን የሚሸከመው አምስት ወይም አሥር አምፒር ነው። 200 አምፒር በ12 ቮልት ሲባዛ 2,400 ዋት ይሆናል፤ የኤሌክትሪክ እንጀራ ምጣድ ከሚፈጀው ኃይል ከግማሽ ይበልጣል። ይህ ሁሉ ሙቀት የእስክሪብቶ ቀሰም በምታህል ሽቦ ውስጥ፣ ምንጣፍና ስፖንጅ ሥር ነው የሚወጣው።

ፊውዝ የተቀመጠው ለዚህ ነው። ብዙ ሰው ፊውዝ አምፖሉን ወይም ቴፑን የሚጠብቅ ይመስለዋል፤ የሚጠብቀው ግን ሽቦውን ነው። የ8 አምፒር ፊውዝ ሲበላ 20 የሚተካ፣ ይባስ ብሎ ከሲጋራ ፓኮ የወጣ ብርማ ወረቀት የሚጠቀልልበት ሹፌር ጥፋቱን አላቆመም፤ መቃጠል ያለበትን ነገር ከፊውዝ ወደ ሽቦ አዛወረው እንጂ። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም እንደሚባለው፣ ትልቅ ፊውዝ በሽታ መደበቂያ ነው።

መኪናው ማን ነው?

ከፍለጋው በፊት መኪናውን ማወቅ ይቀድማል፤ አሮጌ መኪና ሁሉ አንድ ዓይነት ሽቦ የለውምና።

ቶሊያቲ ከተማ ውስጥ ከ1970 እ.ኤ.አ. ጀምሮ፣ በፊያት 124 መነሻነት የተሠራችው የመጀመሪያዋ ላዳ አሥር ፊውዝ ብቻ ነው ያላት፤ አንዱ 16፣ የቀሩት ዘጠኙ 8 አምፒር ናቸው። የማስነሻው፣ የባትሪ መሙያውና የካንዴላ እሳት የሚሰጠው መስመር ግን በፊውዝ አያልፉም። ስለዚህ በእነዚህ መስመሮች ላይ ኮንታክት ሲፈጠር "ፊውዙ ደህና ነው" ብሎ መጽናናት አይቻልም። ፊውዝ አይበላም፤ ሽቦው ራሱ ይነድዳል።

ቮልስ ደግሞ ባትሪዋን የምትሸከመው ከኋላ መቀመጫ ሥር ነው። የባትሪው መሸፈኛ ከጠፋ፣ ከኋላ ከበድ ያለ ሰው ሲቀመጥ የመቀመጫው የብረት ሞላ ወርዶ ፖዘቲቩን ይነካል። የመቀመጫው ሙሊት በቀላሉ የሚያያዝ ነገር ስለሆነ የብዙ ቮልስ ቃጠሎ መነሻው ይህ ነው። እዚህ ቦታ የጥፋቱ መድኃኒት ቴስተር ሳይሆን አንድ ቁራጭ ላስቲክ ነው።

የሽቦ ቀለምም ያሳስታል። በጀርመን መኪና ቡናማ ሽቦ ማሳ ነው። በእንግሊዝ መኪና፣ ለምሳሌ በአሮጌ ላንድሮቨር፣ ቡናማ ማለት ከባትሪው ያለ ፊውዝ የሚመጣ፣ ቁልፍ ቢዘጋም የማይተኛ መስመር ነው። ቮልስ ላይ እጁን የፈታ ባለሙያ በዚያው ልማድ የላንድሮቨርን ቡናማ ሽቦ ከቦዲ ጋር ቢያስር ራሱ ኮንታክት ሠራ ማለት ነው። በቶዮታ ደግሞ ማሳ የሚሆነው ጥቁር መስመር ያለበት ነጭ ሽቦ ነው። ከዚህ ሌላ ላንድሮቨር እስከ 1967 እ.ኤ.አ. ገደማ ከቦዲ ጋር የሚያገናኘው ፖዘቲቩን ነበር። እንዲህ ባለ መኪና ላይ ባትሪ ወይም ዲናሞ እንደ ዛሬው ልማድ የገጠመ ሰው ጥፋቱን በእጁ ይጠራል።

ዲኤክስ ኮሮላና የዘመኑ ቶዮታዎች ከባትሪው አጠገብ ሆን ተብሎ ቀጠን ያለ፣ ሲብስ የሚቀልጥ የሽቦ ቁራጭ አላቸው። ፊውዝ ሳጥኑ ሁሉ ደህና ሆኖ መኪናው በሙሉ ከጨለመ መጀመሪያ የሚታየው እሱ ነው። እሱን በተራ ሽቦ መተካት ከትልቅ ፊውዝም የባሰ ስህተት ነው።

የፍለጋው መንገዶች

በጋራዦቻችን የተለመደው የመጀመሪያው መንገድ አዲስ ፊውዝ እየከተቱ አንዱን ነገር ነካክቶ "አሁንስ?" ማለት ነው። ሲበላ ሌላ ይገባል። ይህ መንገድ ጥፋቱ መኖሩን ደጋግሞ ይነግረናል እንጂ የት እንዳለ አይነግረንም። በዚያ ላይ እያንዳንዱ ሙከራ ያን 200 አምፒር ለቅጽበት ይለቅቀዋል፤ የተጎዳውን ሽቦ ይበልጥ ይጎዳዋል።

ሁለተኛው፣ ዋጋው ርካሽ ሥራው ግን ከሁሉ የሚበልጠው፣ አምፖል በፊውዝ ቦታ መግጠም ነው። የስቶፕ መብራት 21 ዋት አምፖል ከሁለት ሽቦ ጋር ተያይዞ የፊውዙን ሁለት ጫፍ ይይዛል። ኮንታክት ካለ አምፖሉ ወገግ ብሎ ይበራል፤ በእሱ ውስጥ የሚያልፈው ግን ሁለት አምፒር አይሞላም፤ ስለዚህ ምንም ነገር አይቃጠልም። ከዚህ በኋላ መኪናው ራሱ ይናገራል፤ የታመመው ቁራጭ ከመስመሩ ሲነቀል አምፖሉ ይጠፋል። አንድ ጥንቃቄ ግን አለ። በዚያው መስመር ላይ ያሉ ደህና አምፖሎች ካልወጡ እነሱም ኤሌክትሪክ ስለሚስቡ መሞከሪያው ፈዘዝ ብሎ ይበራና ያወናብዳል።

የመጀመሪያውን ባለመኪና በዚህ እንርዳው። ፊውዙ የሚበላው ፍሬን ሲረገጥ ብቻ ስለሆነ፣ እጅ ወደ ካቻቢቴ ከመሄዱ በፊት ግማሹ መልስ ተገኝቷል። ጥፋቱ ከፊውዙ እስከ ፔዳሉ ስዊች ባለው ሽቦ ላይ ቢሆን ኖሮ ፍሬን ሳይረገጥም ይበላ ነበር። ስለዚህ ከስዊቹ ወደ ኋላ ነው ያለው። በመቀመጫውና በፔዳሉ መካከል ዱላ ተወጥሮ ፔዳሉ እንደተረገጠ ይቆያል፤ ሁለቱ የስቶፕ አምፖሎች ይወጣሉ። የመሞከሪያው አምፖል ከጠፋ ጥፋቱ ከአምፖሎቹ አንዱ ነበር። አሁንም ከበራ ወደ ኋላ ኮፈን የሚሄደው ሶኬት ይነቀላል። ጠፋ? ጥፋቱ ከሶኬቱ ወዲያ ነው። አልጠፋም? በበሩ ደፍ ምንጣፍ ሥር ባለው ሽቦ ላይ ነው። እንዲህ እያንዳንዱ ነቀላ የጥርጣሬውን ግማሽ ይጥላል። አሥራ ስድስት ተጠርጣሪ ቦታ ቢኖር አራት ጊዜ በትክክል መክፈል ይበቃል፤ ከዳር ጀምሮ አንድ በአንድ የሚሄድ ሰው ግን አሥራ አምስት ጊዜ ሊደክም ይችላል።

ሦስተኛው መንገድ ባትሪ ነቅሎ በቴስተር ኦም መለካት ነው። ጥሩ መሣሪያ ነው፤ ጀማሪን ግን በየጊዜው ያታልለዋል። በርቶ የጋለ 21 ዋት አምፖል ወደ 7 ኦም ገደማ ተቃውሞ አለው። ሲቀዘቅዝ ግን ከአንድ ኦም በታች ይወርዳል። ስለዚህ ቴስተሩን ደህና አምፖል ባለበት መስመር ላይ ያስቀመጠ ሰው "ዜሮ አሳየኝ፤ ኮንታክት ነው" ብሎ ጤነኛውን መስመር መበጣጠስ ይጀምራል። የኦም ንባብ የሚታመነው የአምፖሉ፣ የጥሩምባውና የማንኛውም ሞተር ሶኬት ሁሉ ከተነቀለ በኋላ ብቻ ነው። ሌላም ድክመት አለው፤ መኪናው ሲንገጫገጭ ብቻ የሚነካካ ሽቦ ቆሞ በሚለካበት ሰዓት ጤነኛ ይመስላል።

አራተኛው መንገድ ሽቦው ምንጣፍና ጣራ ውስጥ ተቀብሮ መንቀል በማይቻልበት ጊዜ የሚመጣ ነው። በፊውዙ ቦታ በሙቀት የሚሠራ የቆየ የፍሬቻ ፍላሸር ይገጠማል። ኤሌክትሪኩ በየቅጽበቱ ይሄዳል፣ ይቆማል። ኤሌክትሪክ በሚያልፍበት ሽቦ ዙሪያ የማግኔት ኃይል ስለሚፈጠር፣ ተራ ኮምፓስ በሽቦው መንገድ ላይ እየተሳበ ሲሄድ መርፌው ከፍላሸሩ ጋር እየተመታ ይዘላል። ዝላዩ ያቆመበት ቦታ ኮንታክቱ ያለበት ነው። ከዚያ ወዲያ ኤሌክትሪኩ በቦዲው ተበትኗልና መርፌው ዝም ይላል። ኮምፓሱ ራሱ ከወፍራም ብረት አጠገብ ስለሚሳሳት በጥንቃቄ መያዝ አለበት። ዳሽቦርድ ከማፍረስ ግን ይሻላል።

ሌሊት የሚጠጣው

የሁለተኛው ባለመኪና ሕመም ሌላ ስሌት ይፈልጋል። ባትሪው 45 አምፒር-ሰዓት ነው እንበል። ክዳኑ ሲዘጋ የማይጠፋ ባለ 5 ዋት የኋላ ኮፈን አምፖል 0.4 አምፒር ገደማ ይስባል፤ ጤነኛ ባትሪን ባዶ ለማድረግ ከአራት ቀን በላይ ይፈጅበታል። አሥር ሰዓት በሚረዝም አንድ ሌሊት ለመግደል ከአራት አምፒር በላይ ያስፈልጋል፤ ይህ ማለት አንድ የፊት መብራት ሙሉ ሌሊት እንደማብራት ነው። እንዲህ ያለ ነገር በጨለማ ውስጥ ይታያል፣ ወይ ይሞቃል፣ ወይ ይሸታል። ስለዚህ ቴስተሩ 0.3 ወይም 0.4 አምፒር አሳይቶ ባትሪው ግን በአንድ ሌሊት የሚሞት ከሆነ፣ ሽቦውን ትቶ ባትሪውን ራሱን መጠርጠር ነው። ብዙ ሽቦ የተበጠሰው ያረጀ ባትሪ በሠራው ጥፋት ነው።

መለኪያው ቀላል ነው። ቁልፉ ወጥቶ፣ በሮቹ ተዘግተው ወይም የበሩ ስዊች በጣት ተጭኖ፣ የባትሪው ነጌቲቭ ይፈታና በጫፉና በገመዱ መካከል ቴስተሩ በ10 አምፒር ቦታ ይገባል። ያኔ ሞተር ማስነሳት ፈጽሞ አይሞከርም፤ ሞተሪኖው የሚስበው የቴስተሩን ፊውዝ ያቃጥላል። ሰዓትና ሬድዮ ብቻ ያለው አሮጌ መኪና ከጥቂት ሚሊ አምፒር በላይ መሳብ የለበትም፤ ኤሌክትሮኒክስ የበዛበትም ቢሆን ከ50 ሚሊ አምፒር መዝለሉ ያጠያይቃል። ከዚያ ፊውዞች አንድ በአንድ ይነቀላሉ፤ ንባቡ ዝቅ ሲል ባለጥፋቱ መስመር ተገኘ።

ሁሉም ተነቅለው ንባቡ ካልወረደ ግን በፊውዝ የማያልፉት ይቀራሉ። ከእነሱ መካከል በተደጋጋሚ ጥፋተኛ ሆኖ የሚገኘው ዲናሞው ነው። በውስጡ ያሉት ዳዮዶች ኤሌክትሪኩን ወደ ባትሪው ብቻ ማሳለፍ ሲገባቸው አንዱ ከተጎዳ ወደኋላ ያፈስሳል። ባትሪው ተፈትቶ ወፍራሙ የዲናሞ ገመድ ሲነቀልና ባትሪው መልሶ ሲገናኝ ፍሰቱ ከጠፋ ፍለጋው አለቀ። ሁለተኛው ተጠርጣሪ ኋላ የተጨመረ ነገር ነው፤ ቴፕ፣ አላርም፣ ስልክ ቻርጀር፣ ሚኒባስ ውስጥ የሚደረደረው ስፒከር። የፋብሪካው ሥዕል ላይ ስለማይገኙ ዓይን ይዘላቸዋል።

አንድ ምክር ለመሣሪያ ገዢዎች፦ ሽቦውን ሳይነቅል አቅፎ የሚለካው መቆንጠጫ ቴስተር ሁሉ የመኪና ኤሌክትሪክ አይለካም። ርካሾቹ የሚለኩት የቤት መስመር የሆነውን ተለዋዋጭ ፍሰት ብቻ ነው። መኪና ላይ ሲደረጉ ዜሮ ያሳያሉ፤ ባለቤቱም "ምንም የለም" ብሎ ይሄዳል።

ማሳ ሲጠፋ

የሦስተኛው ሰው መኪና ምንም የተነካካ ሽቦ የለበትም። የኋላ መብራቱ ቤት ማሳ ዝጓል። የፍሬቻው ኤሌክትሪክ አምፖሉ ውስጥ ገብቶ መውጫ ሲያጣ በጎረቤቱ አምፖል በኩል ሌላ መንገድ ይፈልጋል፤ ለዚህ ነው ሁለቱ አብረው የሚጠቅሱት። መድኃኒቱ አንድ ቡሎን ፈትቶ፣ በብርጭቆ ወረቀት አጽድቶ መልሶ ማጥበቅ ሊሆን ይችላል።

ማሳ ሲብስ ግን አደጋ ነው። ሞተሩን ከቦዲው የሚያገናኘው ወፍራም ገመድ ከተበጠሰ፣ ሞተሪኖው የሚፈልገው በመቶ የሚቆጠር አምፒር ሌላ ብረት ይፈልጋል፤ አንዳንዴ የሚያገኘው የቤንዚን መስጫውን ገመድ ነው። መኪናው ሲነሳ ይህ ገመድ ከሞቀ ወይም ከጨሰ ኮንታክት ከመፈለግ በፊት ማሳ ይታይ። ቴስተሩ በቮልት ላይ ሆኖ አንዱ ጫፍ በባትሪው ነጌቲቭ፣ ሌላው በሞተሩ ብረት ላይ ተይዞ ረዳት ቁልፍ ያዞራል፤ ከግማሽ ቮልት በላይ ካሳየ መመለሻው ታሟል።

የት ይደበቃል?

እውነተኛ ኮንታክት ሁለት ዓይነት ቦታ ይወዳል። የመጀመሪያው መኪናው የሚንቀሳቀስበት ነው፤ የበር ማጠፊያ፣ የኋላ ኮፈን ማጠፊያ፣ የመሪው ዘንግ፣ ሽቦው ከሞተር ክፍል ወደ ውስጥ የሚያልፍበት ቀዳዳ። በዚያ ቀዳዳ ላይ የነበረው የጎማ ቀለበት ደርቆ ከወደቀ፣ የቆርቆሮው ጠርዝ በእያንዳንዱ ንገጭ ሽቦውን ይገዘግዘዋል። ክረምት ሲገባ የሚብሰው ኮንታክት ምንጣፍ ሥር ውሃ የቋጠረበት፣ ወይም ጎማው የሚረጨው ጭቃ የመብራት ቤት ውስጥ የገባበት ነው። ለረጅም ጊዜ የቆመ መኪና ከሆነ ደግሞ አይጥ መጠርጠር አለበት።

ሁለተኛው የሰው እጅ ያለፈበት ነው። ስፒከር ለመግጠም የገባ ረጅም ቪስ የሽቦውን እሽግ ወግቶ ሊሆን ይችላል። በባለሁለት ክር (21/5 ዋት) አምፖል ቦታ የገባ ባለአንድ ክር አምፖል ስቶፑንና የማታ መብራቱን ሊያገናኝ ይችላል። ቦዲ ሲበየድ ሽቦው ገለል ሳይደረግ ቀርቶ ይሆናል። ስለዚህ ጥሩ ኤሌክትሪሺያን ኮፈን ከመክፈቱ በፊት ባለቤቱን፣ "ጥፋቱ ከመጀመሩ በፊት ምን አስገጥመው ነበር?" ብሎ ይጠይቃል። መልሱ ብዙ ጊዜ ከቴስተር ይፈጥናል።

ሥራው ሲጀመር የሚፈታው መጀመሪያ ከቦዲ ጋር የተያያዘው የባትሪ ጫፍ ነው፤ የሚታሰረውም መጨረሻ ላይ። ፖዘቲቩን አስቀድሞ የሚፈታ ሰው ቁልፉ ቦዲ ቢነካ በእጁ ላይ ኮንታክት ይሠራል። ቀለበትና የብረት ሰዓት መውለቅ አለባቸው።

መጠገን ወይስ መለወጥ?

ጥፋቱ ተገኝቶ ሳለ ግማሽ ጥገና ነገ ሌላ ጥፋት ይወልዳል። ሽቦውን ጠምዝዞ በፕላስተር መጠቅለል የተለመደው ነው፤ ሙጫው ከሞተሩ ሙቀት የተነሣ ቀልጦ ፕላስተሩ ሲፈታ ግን ያው ነው። በልኩ በተመረጠ መገናኛ ተጨምቆ በሙቀት በሚጠብቅ የፕላስቲክ ቱቦ መሸፈን ይሻላል። የተቃጠለ ሽቦ በእሽግ ውስጥ ካለ ጎረቤቶቹም ስለሚቀልጡ እሽጉ እስከ ጤነኛው ቦታ ድረስ መከፈት አለበት።

ሙሉ የሽቦ እሽግ መለወጥ የሚያዋጣው የሽቦው ልብስ ሲታጠፍ የሚሰነጠቅ ሲሆን ነው፤ ያኔ አንዱን መጠገን ሌላውን መስበር ይሆናል። ነገር ግን በአዲስ አበባው የመኪና ዕቃ ገበያ፣ ሶማሌ ተራ፣ ከተፈታ መኪና የወጣ እሽግ የሚገዛ ሰው ልብ ይበል፤ የገዛው ከታመመው ጋር እኩያ ነው። ከመግዛት በፊት ሁለት ሦስት ቦታ አጥፎ ማየት ነው።

ጉዳዩ ጥቂት አሮጌ መኪና የሚወዱ ሰዎች ጉዳይ ብቻ አይደለም። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ያገለገሉ መኪኖችን ማስገባት አክብዶታል፤ በ2016 ዓ.ም. ደግሞ በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች እንዳይገቡ መንግሥት መወሰኑን አስታውቋል። በመንገድ ላይ ያሉት የነዳጅ መኪኖች ያለ ተተኪ ያረጃሉ፤ ሽቦአቸውም አብሮ።

ስለዚህ ኮንታክቱ ከተገኘ በኋላ አንድ የአምስት ደቂቃ ሥራ ይቀራል። የትኛው ሽቦ፣ የት ላይ፣ በምን ቀለም እንደተተካ፣ ፊውዙ ስንት አምፒር መሆን እንዳለበት በወረቀት ጽፎ በፊውዝ ሳጥኑ ክዳን ውስጥ መለጠፍ ነው። የሚቀጥለው ኤሌክትሪሺያን ያን ወረቀት ካገኘ፣ ቀይ ሽቦ በመሐል ወደ ጥቁር ተለውጦ ሲያይ ዳሽቦርድ አይፈታም።